አፍ የሚያስፈታው ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል?

ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ቃል ሳያወጣ ሲቀር በየቤቱ የሚሰማው ነገር የታወቀ ነው። አያት «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይላሉ። ጎረቤት «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ተዪው» ትላለች። ሌላው ደግሞ ከምላሱ ሥር ያለውን ስስ ሥጋ ማስቆረጥን ይመክራል። ሁሉም የሚናገሩት በቅንነት ነው። ይሁንና በዚህ መሐል ወራት ያልፋሉ፤ ለልጁ ደግሞ እነዚህ ወራት ቋንቋን በፍጥነት የሚማርባቸው ናቸው።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተማረ ሰው አለ፤ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ይባላል። በአገራችን ሙያው ገና ወጣት፣ ባለሙያዎቹም ጥቂት በመሆናቸው ሥራውን በቅጡ የምናውቅ ብዙ አይደለንም። «ልጅን ለማናገር ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» የሚልም አይጠፋም። በዛሬው ጽሑፋችን ባለሙያው የሚያልፍበትን የሥልጠና መንገድ እንመለከታለን። መንገዱን ማወቅ መቼ እርዳታ መፈለግ እንዳለብዎ፣ ማንን ማመን እንደሚገባዎና በቤትዎ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያሳይዎታል።

ከክፍል እስከ ታካሚ አልጋ

ሥልጠናው ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ በመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ሙያው መግባት ይቻላል። በአሜሪካ ግን ማስተርስ ዲግሪ የግድ ነው። የአሜሪካውን መንገድ በምሳሌነት እንውሰድ። ተማሪው በቅድሚያ ሥነ ሕይወት፣ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ፣ ስታትስቲክስና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶችን መውሰድ ይጠበቅበታል። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን የማስተርስ ትምህርት ይጀምራል።

ትምህርቱ ብዙዎች እንደሚገምቱት ስለ ድምፅ አወጣጥ ብቻ አይደለም። መንተባተብ፣ የድምፅ መጎርነንና መጥፋት፣ ቋንቋን መረዳትና መጠቀም፣ የመስማት ችግር በንግግር ላይ ያለው ጫና፣ የማስታወስና የትኩረት ችግር፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ በሥዕል ወይም በመሣሪያ መነጋገር እንዲሁም ምግብና መጠጥ መዋጥ ሁሉም በውስጡ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር የብቃት ማረጋገጫ ለመስጠት 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 25ቱ ባለሙያ ሲሠራ በማየት፣ 375ቱ ደግሞ በቀጥታ ከታካሚዎች ጋር በመሥራት የሚሟሉ ናቸው። ከዚያ ብሔራዊ ፈተና አለ። ተመራቂው ከዚህም በተጨማሪ ቢያንስ ለ36 ሳምንታት፣ በጠቅላላው 1 ሺህ 260 ሰዓት፣ ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር ይሠራል። ማረጋገጫውን የሚያገኘው ይህን ሁሉ ሲጨርስ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን?

አንድ ምሳሌ እንይ። ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ ሲጠጣ አላሳለም፤ ትንም አላለውም። ቤተሰብ «ደኅና ዋጠ» ብሎ ይደሰታል። ሠልጣኙ ግን በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ውሃው ሳል እንኳ ሳያስነሳ ወደ ሳንባ ሊወርድ እንደሚችል ይማራል። ይህ ደግሞ ለሳንባ ምች ይዳርጋል፤ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። አንዳንዴ እውነቱ የሚታወቀው ታካሚው ሲውጥ በሚነሳ የራጅ ቪዲዮ ነው። ሠልጣኙ ለብቻው የማይተወው፣ ከጎኑም ተቆጣጣሪ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ይህ ነው፦ ስትሮክ ለመታው ሰው አወራረዱ በጤና ባለሙያ ሳይታይ ውሃም ሆነ ምግብ ወይም ኪኒን በአፉ አይስጡት። መዋጥ ይችላል ከተባለም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ ይውሰድ።

ሌላው ሠልጣኙ ቀድሞ የሚማረው ነገር ንግግር ማጣት አእምሮ ማጣት አለመሆኑን ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ሌላ ማለት ይሳነው የነበረ፣ የሚባለውን ግን የሚረዳ ሰው አጋጥሞት ነበር። ሰውየው ሲሞት ሲመረመር ጉዳቱ በግራ የፊት አንጎሉ ላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በስትሮክ ምክንያት ቃል የጠፋባቸውን አባትዎን እንደ ሕፃን አያናግሯቸው፤ ድምፅዎንም ከፍ አያድርጉ። በአጭር ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፤ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ከዚያ ታግሠው ይጠብቁ። እሳቸው ባሉበትም ስለ እሳቸው ለሌላ ሰው አያውሩ።

ልጅዎን በሠልጣኝ ዓይን ይዩት

ሠልጣኞች ንግግር የዘገየበት ልጅ ሲቀርብላቸው ከሁሉ አስቀድመው እንዲጠይቁ የሚማሩት «ይሰማል ወይ?» ብለው ነው። በር ሲዘጋ መደንገጡ ብቻ ንግግርን በደንብ ይሰማል ለማለት አያበቃም። የጆሮ ምርመራ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ዕድሜን ያያሉ። ልጅ አንድ ዓመት ሞልቶት «ባባ»፣ «ዳዳ» የመሰለ ድምፅ ካላሰማ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል ካልተናገረ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል ካላገናኘ መመርመር አለበት። የጀመረውን ንግግር ከተወ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ። ከምላስ ሥር ያለውን ሥጋ መቁረጥ ቃላትን አያስተምርም። በላንቃ መሰንጠቅ የተወለደ ልጅም ቀዶ ሕክምናው ከተሠራለት በኋላ አየሩ በአፍንጫው ሳይወጣ መናገርን እንዲለማመድ እርዳታ ሊያስፈልገው ይችላል።

መንተባተብ በብዛት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ይድናሉ፤ ለወራት ከቆየ ወይም ልጁ ከተጨነቀ ግን ባለሙያ ይይው። እስከዚያው «ረጋ በል»፣ «እንደገና በል» አይበሉት፤ ቃሉንም አይጨርሱለት። እርስዎ ራስዎ ቀስ ብለው ያውሩ፤ የሚለውን እንጂ አባባሉን አይከታተሉ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች

አንባቢያችን ወይም ዘመዶችዎ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ልጅ የሚያሳድጉ ከሆነ «ልጁ የዘገየው ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው፤ አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር ሊገጥማችሁ ይችላል። ሁለት ቋንቋ የንግግር ሕመም አያመጣም። ሠልጣኞችም ልዩነትን ከሕመም እንዲለዩ ይማራሉ። እንግሊዝኛ የእኛን «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» አያውቅም፤ እኛም በእንግሊዝኛ ምላስን በጥርስ መሐል አድርገው የሚያወጡት ድምፅ የለንም። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ በዚያ ፈንታ «ዘ» ወይም «ሰ» ቢል ሕመም አይደለም። ስለዚህ ልጁ በሁለቱም ቋንቋ እንዲመረመር፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲቀርብ ይጠይቁ። ቤት ውስጥም በሚመችዎ ቋንቋ ያዋሩት፤ ተረት ይንገሩት።

ማንን ልመን?

ባለሙያ ነኝ ያለዎትን ሰው የት እንደተማረ፣ በማን ክትትል እንደተለማመደ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለው ለመጠየቅ አይፈሩ። በሚገባ የተማረ ሰው በጥያቄው አይቀየምም። የጆሮ ምርመራን የሚያስቀድም፣ ቤት የሚሠራ ልምምድ የሚሰጥ፣ እርስዎንም አብረው እንዲሠሩ የሚያደርግ ከሆነ መልካም ምልክት ነው። «በሳምንት አፉን እፈታዋለሁ» ከሚል ግን ይጠንቀቁ።

በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ባለሙያ ከሌለ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ለሕፃናት ሐኪም ወይም ለአንገት በላይ ሐኪም ሪፈር ይጠይቁ። ባለሙያው እስኪገኝ ድረስም ዝም ብለው አይጠብቁ። ልጅዎን ሲያጥቡ፣ ሲያለብሱ፣ ሲያበሉ የሚያደርጉትን እየነገሩ ያዋሩት፤ ከስልክና ከቴሌቪዥን አርቀው ፊት ለፊት ያጫውቱት፤ ድምፅ ሲያወጣ መልስ ይስጡት።

የወደፊት ሙያቸውን የሚያስቡ ወጣቶችም ይህን መስክ ልብ ቢሉት መልካም ነው። ሥልጠናው ረጅም ነው፤ ትዕግሥትንም ይጠይቃል። ነገር ግን እናት ከልጇ አፍ «እማዬ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማ አጠገቧ መሆንን የሚያህል ደመወዝ ብዙ የለም።