የሕንድ ሠርግና ስሱ ጨጓራ

ለመሆኑ ጨጓራው ስሱ የሆነ ሰው በሕንድ ሠርግ ላይ ጋባዦቹን ሳያስቀይም፣ ራሱንም ሳያሳምም ምን ሊመገብ ይችላል? ጥያቄው በዚያ አገር ለሚማሩ ኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም።

ቃሪያ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ውሕድ ሙቀትን ከሚለይ የነርቭ ተቀባይ ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ይህን ተቀባይ በ1997 እ.ኤ.አ. ለይተው ያሳወቁት ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ካፕሳይሲን በውኃ በደንብ ስለማይሟሟ ውኃ መጠጣት እምብዛም አይረዳም፤ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ግን ውሕዱን ይዞ ከአፍ ያነሣዋል። በመሆኑም በእርጎ የሚዘጋጀው ራይታ ጥሩ ማብረጃ ነው።

ቅባት የበዛበት ወጥ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። አንዳንድ የሽምብራ ስኳሮች ደግሞ በትንሹ አንጀት ስለማይፈጩ በትልቁ አንጀት ተብላልተው ጋዝ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ከሁለቱም መቅመስ ይበቃል። ነጭ ሩዝና በእንፋሎት የሚበስለው ኢድሊ ለሆድ ይቀላሉ። ሆኖም ለሰዓታት ቀዝቅዞ የቆየ ሩዝ ባሲለስ ሲሪየስ የተሰኘውን ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል፤ ማስመለስ የሚያስከትለው መርዙም በማሞቅ አይጠፋም። ያልፈላ ውኃ ሊኖርበት የሚችለውን ፓኒ ፑሪንና በረዶንም መተው ይመረጣል።

ተጨማሪ ምግብ ሲቀርብ እጅን በሣህኑ ላይ ጋርዶ በትሕትና ማመስገን ጋባዥንም ጨጓራንም ያከብራል።