የሚያስታውስ ሰርኪዩት፦ የዲጂታል ሎጂክ ዲዛይን ትምህርት ክለሳ



የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ስለዚህም ክለሳ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቀመሮችን ዝርዝር ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን አንድ ትንሽ መሣሪያ ብቻ ይዞ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ይከልሳል።

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ፣ ዛሪማ ሲደርስ ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ይቀበለዋል። በዚያ ቆላ የክትባት ማቀዝቀዣ ያለው አንድ ጤና ጣቢያ እናስብ። በእንዲህ ዓይነት ማቀዝቀዣ የሚቀመጡ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ወሰን ውስጥ መቆየት አለባቸው። ሙቀት ኃይላቸውን ያዳክማል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ፣ ቢሟሙም ተመልሰው አይድኑም። ሥራችን ወሰኑ ሲጣስ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት መንደፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 ጆርጅ ቡል የአመክንዮን ሕግጋት በአልጀብራ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1937 ክሎድ ሻነን በማስተርስ ጥናቱ ይኸው አልጀብራ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቶችን እንደሚገልጽ አሳየ። እኛም በዚሁ መንገድ እንሂድ። ሙቀቱ ከ8 ሲበልጥ «ሀ» 1 ይሁን፤ ከ2 ሲያንስ «ለ» 1 ይሁን። መብራቱን «መ» እንበለው። የእውነት ሰንጠረዡ አራት ረድፎች አሉት። ሁለቱም 0 ሲሆኑ መብራቱ ይጠፋል፤ አንዱ ብቻ 1 ሲሆን ይበራል።

አራተኛው ረድፍ ሁለቱም 1 የሚሆኑበት ነው። ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ከፍም ዝቅም ሊል ስለማይችል፣ ተማሪ በካርኖ ካርታው ላይ «ግድ የለም» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ከሆነ የኦር ጌትም የኤክስኦር ጌትም ለጥያቄው ትክክለኛ መልስ ናቸው። ነገር ግን የመለኪያው ገመድ ተበላሽቶ ሁለቱም 1 ቢሆኑስ? ኤክስኦሩ መብራቱን ያጠፋል፤ ኦሩ ያበራል። ግድ የለም ያልነው ረድፍ ለክትባቱ ግድ አለው። ስለዚህ መ = ሀ + ለ እንመርጣለን።

እስከዚህ ያለው ኮምቢኔሽናል ሰርኪዩት ነው፤ ውጤቱ አሁን ባለው ግብዓት ብቻ ይወሰናል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሌሊት ክትባቱ በረዶ ሆኖ ጠዋት ሙቀቱ ወደ ወሰኑ ቢመለስ መብራቱ ይጠፋል፤ ነርሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ታስባለች። የጎደለው ትውስታ ነው።

ሁለት የኖር ጌቶችን፣ የአንዱን ውጤት ለሌላው ግብዓት አድርገን ብናገናኝ ላች እናገኛለን። ሲኩዌንሺያል ሰርኪዩት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «መ» ላቹን ያስነሣዋል፤ መብራቱም ከላቹ ውጤት ጋር ተያይዞ ነርሷ ቁልፍ እስክትጫን ድረስ ይበራል። ሙቀቱ ገና ሳይስተካከል ቁልፉን ብትጫንስ? ማስነሻውና መመለሻው በአንድነት 1 ይሆናሉ፤ ይህም የተከለከለው ሁኔታ ነው። መፍትሔው ቁልፉንና የ«መ»ን ተቃራኒ በኤንድ ጌት አልፈው ወደ መመለሻው እንዲገቡ ማድረግ ነው። ጥፋቱ ሳይወገድ ትውስታው አይሰረዝም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ላች ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ይረሳል፤ ማቀዝቀዣው ለአደጋ የሚጋለጠውም በዋናነት መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰርኪዩቱ የራሱ ባትሪ ያስፈልገዋል። ባትሪውም ቢያልቅ፣ ኃይል ሲመለስ ላቹ በማስጠንቀቂያ ሁኔታ እንዲጀምር መደረግ አለበት፤ ያላየውን ሌሊት ደኅና ነበር ሊል አይገባውምና።

ስትከልሱ ለእያንዳንዱ ሰርኪዩት ሁለት ጥያቄዎች አቅርቡ፦ የትኛውን ረድፍ ችላ አልሁ? ምንስ ማስታወስ አለበት? ላቦራቶሪ የማታገኙ ተማሪዎች ሎጊሲም የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር አንድ ጊዜ ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የዛሬውን ሰርኪዩት ሠርታችሁ ግብዓቶቹን አንድ በአንድ ፈትኑ።