በር የሚያስቸነክር ፊልም

የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የደቡብ ኮሪያው የዞምቢ ፊልም «ትሬይን ቱ ቡሳን» የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ፊልሙን በስልኩ የሚያይ የፉሪ ጎረምሳ ባቡሩን የት እንደሚያቆመው መገመት አይከብድም።

የዘውጉ አባት ግን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ፒትስበርግ አካባቢ የሠራው በ114 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሰባት ሰዎች አንድ የገጠር ቤት ተጠልለው በርና መስኮቱን በጣውላ ይቸነክራሉ፤ ውጭ ሞተው የተነሡት ይንቀረፈፋሉ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። የሚያስፈራው ግን የውስጡ ነው፦ «ምድር ቤት እንግባ»፣ «አይሆንም፣ እዚሁ እንቆይ» እየተባባሉ ነው የሚያልቁት። ጥቁሩ ተዋናይ ዱዌን ጆንስ የሚጫወተው ቤን ብቻ ያነጋል፤ ያተረፈውም ያ «አልገባም» ያለው ምድር ቤት ነው። ጠዋት የመጡት ታጣቂዎች ግን ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ግንባሩን ይሉታል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት ይህን ማሳየት ቀላል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሮሜሮ ራሱ በ1978 ሙታኑን ገበያ ማዕከል አስገባቸው፤ ዳኒ ቦይል በ2002 በበሽታ የተለከፉ ሯጮች አደረጋቸው።

እኛ ጋ ዘውጉ ይታያል እንጂ አይሠራም። የአማርኛ ፊልም ከፍቅርና ከኮሜዲ ብዙም አይርቅም። ምክንያቱ ገንዘብ ነው የሚሉት አያሳምነኝም፤ ሮሜሮም ሀብታም አልነበረም። ለእኛ የሙት መነሣት ተስፋ ነው፤ አልዓዛር ሲወጣ እህቶቹ በር አልቸነከሩበትም። የኛ ፍርሃት ቡዳውና ዛሩ ነው፣ በሕያው ሰው ውስጥ የተቀመጠው። አዲስ አበቤ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ያለውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ለዘውጉ ቅርቡ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገር የቀረጸው «ክራምብስ» (2015) ነው። ዓለም አልቋል፣ ሙት ግን አይነሣም። ዳንኤል ታደሰ በዳሎል ፍርስራሽ ውስጥ ይዞራል፤ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ክታብ ይከበራል፤ ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ሴት ለማይክል ጆርዳን ትጸልያለች። ሳቁ ጥሩ ነው፣ አያስፈራም።

የሚያስፈራውን ለሚፈልግ መንገዱ ክፍት ነው። የሮሜሮ ፊልም አከፋፋይ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያውን ስለረሳ፣ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ። 96 ደቂቃ ነው፤ በአማርኛ ለመተረክ ጥሩ ድምፅ ያለው አንድ ሰውና አንድ ማይክ ይበቃል።