ከጨረቃ ተራሮች እስከ መረብ ወንዝ፦ የአፍሪካ ካርታ እንዴት ተሣለ?

የአፍሪካ ኅብረት በነሐሴ ወር 2025 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአህጉሪቱን ስፋት አሳንሶ የሚያሳየው የዓለም ካርታ በሌላ እንዲተካ ለሚጠይቀው ዘመቻ ድጋፉን ሰጥቷል። ክርክር የተነሣበት ካርታ ጌራርዱስ መርካቶር በ1569 ያዘጋጀው ነው። በዚህ ካርታ ላይ ግሪንላንድና አፍሪካ የሚተካከሉ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ ግሪንላንድን 14 እጥፍ ያህል ትበልጣለች። መርካቶር ይህን ያደረገው መርከበኛው በኮምፓስ የያዘውን አቅጣጫ በቀጥታ መስመር እንዲያሰምር ለማስቻል ነበር፤ ከምድር ወገብ የራቁ አገሮች ያለ መጠን የሚለጠጡት በዚሁ ስሌት ምክንያት ነው።

የስፋቱ ጉዳይ በሒሳብ የሚቃና ነው። ይበልጥ የከበደው ከባሕር ዳርቻው ወዲያ፣ በአህጉሪቱ መሃል ምን እንዳለ ማወቁ ነበር። ሁለት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የአፍሪካን ካርታ ከሣሉት ሰዎች አብዛኞቹ የአህጉሪቱን መሃል በዓይናቸው አላዩትም፤ የሣሉት ያየውን ሰው ጠይቀው ነው። ስለዚህ የዚህን ካርታ ታሪክ ለመረዳት ማን ተጠየቀ፣ ማን ታመነ፣ ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

በ150 ገደማ በእስክንድርያ ይኖር በነበረው በቶሌሚ የመልክዓ ምድር መጽሐፍ ውስጥ፣ የዓባይ ውሃ ከሁለት ሐይቆች እንደሚወጣ፣ ሐይቆቹንም የ«ጨረቃ ተራሮች» በረዶ እንደሚመግባቸው ሰፍሮ ይገኛል። የሐይቆቹ ወሬ የመጣው ዲዮጌነስ ከተባለ መርከበኛ ነው፤ ሰውየው ከህንድ ሲመለስ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እንደገፋው የጢሮሱ ማሪኖስ መዝግቦት ነበር። እንዲህ በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ የተላለፈ ቃል ከ1,500 ዓመታት በላይ በካርታ ላይ ኖሯል። ነጭ ዓባይ ከምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች እንደሚነሣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲረጋገጥ፣ የመርከበኛው ወሬ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ እንዳልነበረ ታየ።

ይህን ዕውቀት ጠብቀው ያስፋፉት በዓረብኛ የሚጽፉ ሊቃውንት ናቸው። አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የቶሌሚን ሠንጠረዦች አርሞ አዘጋጀ። በሴኡታ እንደተወለደ የሚነገርለት አል-ኢድሪሲ ደግሞ በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ፣ በንጉሥ ሮጀር ሁለተኛ ቤተ መንግሥት የጀመረውን ታላቅ ሥራ በ1154 ፈጸመ። የተከተለው ዘዴ ለዛሬ ተመራማሪ እንኳ የሚያስቀና ነው። ከየአገሩ የሚመጡ ተጓዦች ለየብቻም በአንድነትም ይጠየቁ ነበር፤ ቃላቸው የተስማማው ይጸድቃል፣ ያልተስማማው ይጣላል። ከዚህም 70 ካርታዎችና በብር ላይ የተቀረጸ አንድ ትልቅ የዓለም ሥዕል ተገኘ። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ደቡብ ወደ ላይ ስለሆነ አፍሪካ የምትገኘው ከላይ ነው፤ ሰሜንን ከላይ ማድረግ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ለማስታወስ ይህን ካርታ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምዕራፍ የተጻፈው በቬኒስ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሙራኖ አጠገብ ባለ የደሴት ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ፣ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለውና ዛሬ በቬኒስ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን ክብ የዓለም ካርታ ሣለ። ስለ ሐበሻ ምድር በካርታው ላይ ባሰፈረው ማስታወሻ፣ አገሩን ያወቀው በዚያ ከተወለዱ ሰዎች እንደሆነ፣ እነርሱም አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት ይመሰክራል። የሰዎቹን ስም ግን አልጻፈም። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ መነኮሳት በኢየሩሳሌም የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ከዚያ የተላኩ ልዑካንም በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል። በቬኒሱ ካርታ ላይ ዓባይ፣ ተከዜና አዋሽ፣ አጻጻፋቸው ቢዛባም፣ ዛሬም ይነበባሉ።

ይሁን እንጂ ከትክክለኛ ስሞች የተሳሳተ ሥዕል ወጣ። ፍራ ማውሮ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ዝርዝር ነበረው፤ ከእርሷ ወዲያ ስላለው ምድር ግን ከሞላ ጎደል ምንም አልነበረውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ወንዞችና አውራጃዎች ተለጥጠው የአህጉሪቱን ውስጣዊ ክፍል አብዛኛውን ሞሉት። ለዚህ ሌላም ምክንያት ሳይኖረው አልቀረም። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ቬኒሳዊ በ1519ና በ1524 መካከል ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት አፍ የጻፋቸው የጉዞ መዝገቦች እንደሚያሳዩት፣ የመንገድ ርቀት ይነገር የነበረው በእግር ጉዞ ቀን ነው። አንድ ቀን ሙሉ የዓባይን በረሃ ወርዶ ማዶውን የሚወጣ መንገደኛ ምን ያህል ይደክም እንደነበር አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል፤ አሞራ ቢበርር ግን ርቀቱ ጥቂት ነው። ሜዳ ላይ የኖረ ካርታ ሠሪ ያንን የድካም ቀን እንደ ሜዳ ቀን ቢቆጥረው አገሩ በወረቀት ላይ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ስህተቱ በዚህ አላበቃም። የአንትወርፑ አብርሃም ኦርቴልዩስ በ1573 ባሳተመው ካርታ የሐበሻ ንጉሥ ግዛት ከምድር ወገብ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ወርዷል። ይህንን የማረም ዕድል የተገኘው መቶ ዓመት ቆይቶ፣ ዳግመኛም በአንድ ኢትዮጵያዊ በኩል ነው። የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652ም በመስፍኑ በኤርነስት ግብዣ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ስለ አገራቸው በዝርዝር ተጠየቁ። ሁለቱ መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ ከእርሳቸው የሰማውን፣ በኢትዮጵያ የኖሩ የፖርቱጋል ኢየሱሳውያን ከጻፉት ጋር አስተያይቶ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ ካርታዋንም በ1683 አሳተመ። በዚህ ካርታ ላይ አገሪቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደሚገኘው ስፍራዋ ተመለሰች። አባ ጎርጎርዮስ ግን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሮና አቅራቢያ መርከባቸው ተሰብሮ ሞተዋል።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ ሠሪዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ዳንቪል በ1749 ባወጣው የአፍሪካ ካርታ፣ ማረጋገጫ ያላገኘለትን ወንዝና ከተማ ሁሉ ሰርዞ የአህጉሪቱን መሃል ባዶ ተወው። ከሊቅነት አንጻር ይህ የሚመሰገን ነው፤ የማያውቁትን አላውቅም ማለት ክፍት ቦታን ዝሆን እየሣሉ ከመሙላት ይሻላል። ግን ባዶ ወረቀት ሌላም ትርጉም ነበረው። «እኛ አላየነውም» ለማለት የተተወው ስፍራ ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ «ማንም የለበትም» ተብሎ መነበብ ጀመረ።

ባዶነቱንም ሁሉም አልታገሡትም። በ1788 በለንደን የተቋቋመው የአፍሪካ ማኅበር የላከው ሙንጎ ፓርክ በ1796 ሴጉ ደርሶ የኒጀር ወንዝ ወደ ምሥራቅ እንደሚፈስ በዓይኑ አየ። የጉዞውን ካርታ ያዘጋጀለት ጄምስ ሬነል ግን ወንዙ ወደ ደቡብ ታጥፎ ባሕር አይገባም የሚል እምነት ነበረው፤ ስለዚህ በመንገዱ ላይ ግድግዳ ሊሆን የሚችል የተራራ ሰንሰለት በምዕራብ አፍሪካ ላይ ሠራ፣ «የኮንግ ተራሮች» ተብሎም ተጠራ። ሌሎች ካርታ ሠሪዎች እየተቀባበሉ አስረዘሙት። ፈረንሳዊው መኮንን ሉዊ ጉስታቭ ባንዤ በ1888 ኮንግ ከተማ ደርሶ እንዲህ ያለ ሰንሰለት እንደሌለ እስኪናገር ድረስ፣ ያልነበረው ተራራ ዘጠና ዓመት ያህል በታተሙ ካርታዎች ላይ ቆመ። ለኮንግ ነጋዴዎች ይህ ዜና አልነበረም።

የተጠየቀው ሰው ሁሉ ደግሞ የዋህ አልነበረም። ሂው ክላፐርተን የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በ1824 ሶኮቶ ሲደርስ፣ ሱልጣን ሙሐመድ ቤሎ የኒጀርን አካሄድ በአሸዋ ላይ ሥሎ ወንዙ ባሕር እንደሚገባ ነገረው። በኋላ በወረቀት ተሠርቶ በተሰጠውና በ1826 በታተመው ካርታ ላይ ግን ይኸው ወንዝ ወደ ግብጽ እንደሚሄድ ተጽፏል። አሸዋው ላይ የተሣለው እውነት ነበር፤ የላንደር ወንድማማቾች በ1830 ወንዙን ተከትለው ባሕር ደረሱ። ወረቀቱ ለምን ተለወጠ ለሚለው፣ የሱልጣኑ ሰዎች የውጭ መርከብ ወንዙን ይዞ እንዳይወጣ ፈርተው ይሆናል የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እንዲያ ከሆነ ካርታ ለምን እንደሚፈለግ ከጠያቂው ባልተናነሰ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያ እጅግ አድካሚውን ልኬት የፈጸመው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ነው። ከ1838 እስከ 1848 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በአገሪቱ ተዘዋውሮ፣ ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ በመሣሪያ ማዕዘን እየለካ ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘን መረብ አያያዘ። ውጤቱን ከ1860 ጀምሮ ማሳተም ያዘ፤ በ1881ም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ሁለቱ ሥራዎች የተያያዙ ናቸው፤ የተራራውን ስም በትክክል ለመጻፍ ባለአገሩን በቋንቋው መጠየቅ ግድ ይላል።

ከዚያ በኋላ ካርታው ከአሳሾች እጅ ወጥቶ ወደ መንግሥታት ጠረጴዛ ሄደ። ከኅዳር 1884 እስከ የካቲት 1885 የ14 አገሮች መልእክተኞች በበርሊን ተሰበሰቡ፤ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሎ ነበር፣ ከአፍሪካ የተጋበዘ ግን አልነበረም። የዛሬዎቹ ድንበሮች በዚያ አዳራሽ ተሠመሩ የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም። አብዛኞቹ የተሠመሩት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኃያላኑ ሁለት ሁለት ሆነው ባደረጓቸው ውሎች ነው። ወንዙ የት እንደሚፈስ ባልታወቀበት ስፍራ የኬንትሮስና የኬክሮስ መስመር ድንበር ሆነ። ነፃ የወጡት አገሮች መሪዎችም በሐምሌ 1964 በካይሮ ባደረጉት ስብሰባ፣ መነካካቱ የሚያስከትለውን በመፍራት የወረሷቸውን ወሰኖች ለማክበር ተስማሙ።

ወረቀትና መሬት ሳይገናኙ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን ኢትዮጵያና ኤርትራ በከባድ ዋጋ ያውቁታል። ከዐድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር በ1900፣ በ1902ና በ1908 የወሰን ውሎች ተፈራረሙ። የ1900ው ውል ወሰኑ በመረብ፣ በበለሳና በሙና መስመር እንደሚሄድ ይገልጻል፤ መስመሩ የተሠመረበት ካርታም ተያይዞለት ነበር። ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው ጦርነት በኋላ በሄግ የተሰየመው የወሰን ኮሚሽን ፊት የቀረበው ክርክር ከዚህ ካርታ የተነሣ ነው። «በለሳ» የሚለው ስም የትኛውን ጅረት ያመለክታል? በ1902ው ውል የተጠቀሰው ማይተብስ ከሰቲት ጋር የሚገናኘው የት ነው? ከመቶ ዓመት በፊት ካርታውን የሣሉት ሰዎች የጅረቶቹን ስም ከማን ሰምተው፣ በየትኛው ውሃ ላይ እንደጻፉት ለማጣራት የሕግ ባለሙያዎች አሮጌ ካርታዎችን ሲያነጻጽሩ ከረሙ።

ኮሚሽኑ ውሳኔውን በሚያዝያ 2002 ሰጠ። ምሰሶ ለመትከል ግን ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ቀሩ። በኅዳር 2007 የተሰጠው የጊዜ ገደብ ሲያልቅ፣ ወሰኑ በነጥብ በነጥብ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ተዘርዝሮ በካርታ ላይ እንደተከለለ ይቆጠራል ተባለ፤ በመሬቱ ላይ ግን ምሰሶ ሳይቆም የኮሚሽኑ ሥራ ተዘጋ።