«አዲስ አበባ ድርጅት ሞልቷል» የሚሏችሁ እውነት ነው? ከመሳፈራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ማንኩሽ ላይ ከወጣት አፍ የማይጠፋ ወሬ አለ። «አዲስ አበባ ግባ እንጂ ድርጅት ሞልቷል። ያበሉሃል፣ ያስተምሩሃል፣ ማደሪያ ይሰጡሃል» ይባላል። ይህን ሰምቶ በግልገል በለስ፣ በቻግኒ አድርጎ የሄደ ልጅ ከየሰፈሩ አይጠፋም።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ችግረኛ ህጻናትንና ወጣቶችን የሚረዱ ድርጅቶች አዲስ አበባ ውስጥ በእርግጥ ብዙ ናቸው። ግን አሠራራቸው ልጆቹ እንደሚያስቡት አይደለም። በተለይ «ማደሪያ ይሰጡሃል» የሚለው ነገር ጊዜው እያለፈበት ነው። ለምን? እስቲ ከመነሻው እንየው።

«ድርጅት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የእዳዬን ቤት ነው። አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ግሸን ማርያም ሄዱ። ወሎ ያኔ በርሃብ ተመትቶ ነበር። መንገድ ላይ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ህጻን አዩ፣ ጥለው ማለፍ አልቻሉም። ከዚያ ጉዞ ሁለት ህጻናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸው አልቻሉም፣ ወይ ትዳር ወይ ልጆቹ የሚል ነገር መጣ። እዳዬ ልጆቹን መርጠው ከቤት ወጡ። ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ነው ያሳደጓቸው። በስማቸው የሚጠራው ድርጅት በ1978 ዓ.ም. በሕግ ተመዘገበ። እሳቸው በኮሮና ያረፉት ሰኔ 27 ቀን 2013 ነው።

ሌሎቹም በዚያው በርሃብ ዘመን የመጡ ናቸው። ኤስ ኦ ኤስ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ የህጻናት መንደር መቀሌ ላይ የከፈተው በ1966 ነው፣ በኋላ አዲስ አበባም ገባ። ኮተቤ ያለው የሰላም የህጻናት መንደር በ1978 ተጀመረ። ወላጅ አልባ ልጅ በዛ፣ ስለዚህ ቤት ተሠራ። ሐሳቡ ለዘመኑ ትክክል ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። የኢትዮጵያን ህጻናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ መውሰድ ተስፋፋ። በፈረንጆቹ 2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል። በእያንዳንዱ ልጅ የሚከፈል ገንዘብ ስላለ፣ ወላጅ ያለውን ልጅ ወላጅ እንደሌለው አድርጎ መላክ መጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ታዳጊ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞተች፣ አሳዳጊዎቹም ተፈረደባቸው። ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን የዘጋው ጥር 2010 በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሌላም የታወቀ ነገር አለ። ሴቭ ዘ ቺልድረን በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በማሳደጊያ ካሉ ህጻናት ከአምስቱ አራቱ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው ብሏል። ማለትም ብዙዎቹ እዚያ የገቡት እናት አጥተው ሳይሆን እናታቸው ገንዘብ አጥታ ነው። የእኛም መንግሥት በዚያው ሰሞን ያወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል። ከሱ በፊት ልጁን ከቤተሰቡ ጋር ማኖር፣ ካልሆነ ከዘመድ፣ ካልሆነ ከአደራ ቤተሰብ።

ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያለ ልጅ ድርጅት ሲያገኘው ምን ይሆናል? መጀመሪያ ጊዜያዊ መጠለያ ይገባል። ታጥቦ፣ በልቶ፣ ታክሞ ሲረጋጋ ማህበራዊ ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ይጠይቀዋል፦ ከየት መጣህ? እናትህ የት ናት? ለምን ወጣህ? ከዚያ ቤተሰብ ይፈለጋል፣ ይታረቃል፣ ልጁ ይመለሳል። ጥሩ የሚባለው ድርጅት ከመለሰ በኋላም ይከታተላል። እዚያው ከተማው ውስጥ እናት ያለው ልጅ ከሆነ ደግሞ ለእናቲቱ መነሻ ገንዘብ ይሰጣታል፣ ለልጁ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛለታል።

የከተማው አስተዳደርም ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ጀምሯል። ሲጀምር ብቻ ወደ 300 ሺህ ልጆች ነበሩ። በእኔ እይታ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅን ከጎዳና የሚያስቀረው ትልቁ ነገር ይሄ ምሳ ነው፣ ማደሪያ ህንጻ አይደለም።

አሠራሩ ጥሩ ነው። ግን ለእኛ አካባቢ ልጅ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው፦ የሚመለስበት ቤት እንዳለው አድርጎ ነው የሚያስበው።

በ2013 መተከል ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። ብዙው ቻግኒ አጠገብ ራንች መጠለያ ውስጥ ከረመ። ከዚያ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ልጅ «ቤተሰብህ የት ነው?» ሲባል ምን ብሎ ይመልስ? ቤቱ ተቃጥሏል፣ አባቱ የት እንዳለ አያውቅም። ጉምዝኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ታሪኩን የሚሰማው ሰው ማግኘቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ወደ ቤተሰብ መመለስ ለደብረ ብርሃን ልጅ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ለጉባ ልጅ ግን መጀመሪያ ቤተሰቡ መቋቋም አለበት። ያ ሥራ መሠራት ያለበት እዚህ ነው፣ ገንዘቡ ያለው ግን እዚያ ነው። ለጋሾች መንገድና ጸጥታ ያለበትን ይመርጣሉ። ይገባኛል፣ ግን ልጆቹ መንገድ ወዳለበት የሚሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕድሜያችሁ 18 ያለፈ ከሆነ ሌላ ነገር እወቁ። የህጻናት ድርጅቶች እናንተን አይቀበሉም፣ በሕግ ህጻን አይደላችሁም። ያላችሁ በር ሙያ ነው። የሰላም ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለምሳሌ ከዚያው ከህጻናት መንደሩ የወጣ ነው፣ ብረታ ብረትና አውቶ ያስተምራል። ግን ኮሌጅ ነው፣ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል፣ መናኸሪያ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

እግረ መንገዴን ስለ ገንዘብ አንድ ነገር። ቲክቶክ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ፊት እያሳዩ የባንክ ቁጥር የሚለጥፉትን ታውቋቸዋላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ድርጅት ከሆነ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብ አለበት። ለቢሮና ለአስተዳደር የሚያወጣውም ከገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ። ከተቆጣ ወይም ብሎክ ካደረጋችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ታናሽ ወንድም ወይም እህት «ልሄድ ነው» ካላችሁ መጀመሪያ ወረዳው ላይ ያለውን የሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሞክሩ። ድርጅቶች እዚህ አካባቢ ሲመጡ ልጆችን የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝርዝር ነው፣ ስሙ ያልተመዘገበ ልጅ አይታይም። 18 ያለፋችሁና ቆርጣችሁ የምትሄዱ ደግሞ የትምህርት ማስረጃችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዋናውን ቤት አስቀምጣችሁ ኮፒውን ያዙ፣ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የምታርፉበትን ሰው ስም ለቤተሰብ ሳትናገሩ መኪና አትሳፈሩ።