ዳቦ የገዛንለት ሰው ደንበኛ ነው ወይስ ለማኝ?



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት የሞጣና የቢቸና ልጆች የሆንን ጥቂት ተማሪዎች አብረን ወደ አገራችን ገብተን ነበር። ሞጣ ስንደርስ ርቦን ስለነበር አንድ ዳቦ ቤት ጎራ አልን። በሩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ትከሻው ላይ የጣለ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ቆሟል። «ዳቦ ግዙልኝ» አለን። ሳንቲም አልጠየቀም። አስገባነው፤ ዳቦና ሻይ አዘዝንለት፤ ሒሳቡንም ቀድመን ከፈልን። ልጁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ገና ቁጭ ከማለቱ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ «ውጭ ወስዶ ይብላ» አለ። ወደ እኛም ዞሮ «የምታስለምዷቸው እናንተ ናችሁ፤ ነገ አሥር ሆነው ይመጣሉ። እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ከእነሱ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ» ብሎ ተቆጣን። ልጁ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ዳቦውን ጉያው ውስጥ ከትቶ ወጣ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

መንገዱን ሙሉ ስንከራከር ሄድን። ከመካከላችን አንዱ «ቤቱ የሰውየው ነው፤ የፈለገውን ያስገባል፣ ያልፈለገውን ያስወጣል» አለ። ሌላው «ሒሳብ ተከፍሏል፤ ከተከፈለ በኋላ ምን አገባው?» ይላል። ጊቢ ከተመለስን በኋላ ጥያቄውን ለኡስታዞች አቀረብን፤ ከሕግ ተማሪ ወንድሞቻችን ጋርም አዋጅ አገላበጥን። ያገኘነውን እነሆ።

በመጀመሪያ ግን ይህን የምንጽፈው ነጋዴን ከሩቅ ሆነን ለመውቀስ አለመሆኑ ይታወቅልን። አብዛኞቻችን የባለሱቅ ልጆች ነን። የጎጃም ሙስሊም በንግድና በሽመና ላይ የበዛው በአጋጣሚ አይደለም። እስከ 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ ርስት መያዝ በአብዛኛው የተዘጋበት ስለነበር አያቶቻችን በማረሻ ፈንታ ሚዛንና መወርወሪያ ያዙ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ገንኖ የነበረው የባሶ ገበያም አንዱ ምሰሶው ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። እኛም ከመድረሳ መልስ ስኳር እየመዘንን፣ ጁምዓ ጠዋት አባቶቻችን ለሚስኪኖች የሚሰጠውን ሳንቲም በጣሳ ለይተው ሲያስቀምጡ እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ የዳቦ ቤቱ ባለቤት የተናገረው ነገር ለጆሯችን አዲስ አልነበረም። ምናልባት ያስቆጣንም ይኸው ነው።

ባለሱቅ የሚፈራው ነገር ከንቱ አይደለም። ጠባብ ሱቅ ነው፤ ሁለት ሰው በሩ ላይ ከቆመ ሦስተኛው ገዢ ያልፋል። ዕቃ ይነሳል። አእምሮው የታመመ ሰው ከሆነ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። የሽታው ነገር አለ፤ ገዢ ፊቱን አጨማዶ ሲወጣ ባለሱቁ ያያል። በሞጣ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጁምዓ ዕለት፣ በከተማዋ መስጂዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጥለዋል፤ ተዘርፈዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው ሲሰበሰብ ልቡ የሚደነግጥ ነጋዴ ቢኖር ማን ይፈርድበታል?

ይሁን እንጂ ያው ቀን ሌላም ነገር አሳይቷል። ጠዋት ሱቁን የከፈተ ሰው ማታ የሰው እጅ ጠባቂ ሆኖ አድሯል። ከመላ አገሪቱ ገንዘብ የተዋጣው ለዚህ ነበር። በባንኮኒው ወዲህና ወዲያ ያለው ርቀት አንዲት ቀን ብቻ መሆኗን የሞጣን ነጋዴ ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

ኢንጂነሪንግ ስለምንማር ይሆናል፣ እኛ ዓይናችን ያረፈው በሩ ላይ ነው። በቢቸና የድሮዎቹን ሱቆች አስታውሱ። ባንኮኒው በሩ አፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ውጭ ነው የሚቆመው። ሐጂውም፣ መምህሩም፣ ጎዳና አዳሪውም አንድ ደረጃ ላይ ቆመው «ስኳር ስጠኝ» ይላሉ። «ውጣ» የሚባል ሰው የለም፤ የገባ የለማ! አሁን በየከተማው የሚከፈተው ሚኒ ማርኬት ግን የመስታወት በር አለው፤ በሩ ላይ ጥበቃ አለ። ጥበቃው ማንን ያስገባ ዘንድ የተጻፈ መመሪያ አልተሰጠውም፤ ጫማ ያያል። ስለዚህ ያው ሰው፣ በያው 10 ብር፣ በአንዱ ሱቅ ገዢ ሲሆን በሌላው ለማኝ ይሆናል። የተለወጠው በሩ ብቻ ነው።

ድሮም ቢሆን በአገራችን መለመን ብቻውን ሰውን አያስንቅም ነበር። አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ የሚዞረውን ቆሎ ተማሪ ለማኝ ብሎ የሚሰድብ የጎጃም ሰው አላየንም። በወሎም ደረሳ ከየቤቱ እየበላ ነው ኪታብ የጨረሰው። ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ፦ ጠዋት «ዞር በል ከዚህ!» ያለው ባለሱቅ ማታ ዝርዝር ሲያጥረው ያንኑ የኔ ቢጤ ጠርቶ የሰበሰባቸውን የብር ሳንቲሞች በወረቀት ብር ይለውጣል። የሰውየው እጅ ማታ ማታ ንጹሕ ነው ማለት ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 «ሸማች» ማን እንደሆነ ይተረጉማል። ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛ ሰው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ቢሆንም ሌላ ሰው ቢሆንም ለውጥ የለውም። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሕጉ «ሌላ ሰው ቢከፍልለትም» ብሏል። የሕግ ተማሪ ወንድማችን ይህን ሲያነብልን ያ ልጅ ትዝ አለን። ዳቦውና ሻዩ ከተከፈለለት ቅጽበት ጀምሮ በሕግ ዓይን ሸማች ነበር። ይኸው አዋጅ ደግሞ ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም መጠበቅ መብቱ እንደሆነ ይደነግጋል። በሌላ አነጋገር፣ ነጋዴው የተቆጣው «እኛ ባመጣነው ለማኝ» ላይ ሳይሆን በራሱ ደንበኛ ላይ ነው። ልብ በሉ፦ ይህ ማለት ነጋዴው ማንንም ማስወጣት አይችልም ማለት አይደለም። ዕቃ የሚሰብርን፣ ሰው የሚሳደብን ማስወጣት ይችላል፤ ያ ግን ሱፍ የለበሰውንም ይመለከታል። ባዶ እጁን ደጃፍ ላይ ለቆመውም አዋጁ ብዙ የሚለው የለም።

ለእርሱ ሸሪዓችን ይናገራል። ሱረቱ ድ-ዱሓ ጠያቂን ማመናጨቅን ትከለክላለች፤ ስጡት ወይም አትስጡት የሚለው ሌላ ጉዳይ ሆኖ። የሌለው ሰው መልካም ቃል ይመልሳል፤ ሱረቱል በቀራህም (2፡263) መልካም ንግግርን ማስከፋት ከሚከተለው ሰደቃ ታስበልጣለች። «አላህ ይስጥህ» የምንለው ለዚህ ነበር፤ አሁን አሁን ግን ድምፁ «ሂድልኝ» ከሚለው ጋር አንድ ሆኗል።

ስለተከፈለው ዳቦ ደግሞ ኡስታዛችን የበሪራን (ረዲየላሁ ዐንሃ) ታሪክ አስታወሱን። ለበሪራ ሥጋ በሰደቃ ተሰጥቷት ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰደቃ አይበሉም፤ ሆኖም ከዚያ ሥጋ በሉ፤ ምክንያቱም ለእርሷ ሰደቃ ሆኖ ቢመጣም ከእርሷ ወደ እርሳቸው ሲመጣ ስጦታ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ፉቀሃዎች ከዚህ የሚያወጡት ነገር ግልጽ ነው፦ ሰደቃ በተቀባዩ እጅ ከገባች የእርሱ ሀብት ናት፤ የሰጪው ጥላ አይከተላትም። ልጁ ዳቦውን ቢበላው፣ ለጓደኛው ቢያካፍለው፣ ለማታ ቢያስቀምጠው የእርሱ ነው። ተቀምጦ ቢበላውም እንደዚያው።

ይህ ለባለሱቁ ብቻ የተነገረ አይምሰለን፤ ለእኛም ነው። እውነቱን ለመናገር የእኛ የሰጪዎቹ ጥፋት ቀላል አይደለም። ገበያ ቀን፣ ሱቁ በሰው ሲታጨቅ፣ ባለቤቱን ሳናስፈቅድ አምስት ልጅ ይዘን እንገባለን። «ለእሱ ደግሞ ትናንሿን ስጠው» ብለን እኛው እንመርጥለታለን። በረመዷን ደግሞ ኢፍጧር እያደልን ስልክ እንደግናለን፤ የልጁ ፊት ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ልጁ ግን ስልክ የለውም፣ ምን እንደተባለለት አያይም። ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ከንቱ ማድረግን የከለከለችው አንቀጽ (2፡264) ከላይኛዋ ቀጥላ መምጣቷ ለእኛ ነው ብንል ስህተት አይሆንም። በዳቦ ቤቱም ባለቤቱን ቀድመን «ይህ ልጅ እንግዳችን ነው፤ ጥግ ላይ እናስቀምጠው?» ብንለው ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ይሆን ነበር። አልጠየቅነውም። ከፋይ ስለሆንን ብቻ የሰውየው ቤት የእኛ የመሰለን እኛ ነን።

ገዢ ማነው የሚለው ጥያቄ ትልልቆቹንም ግራ ያጋባል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ በስታርባክስ ቡና ቤት ሳያዙ ሰው ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ጥቁር ወጣቶች በፖሊስ ተይዘው ወጡ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠይቆ ያልገዛም እንዲቀመጥ ፈቀደ፤ በ2025 ግን ፈቃዱን መልሶ አነሳው። ቱርኮች የተሻለ መላ አላቸው። ከዳቦ ቤት የሁለት ዳቦ ሒሳብ ትከፍላለህ፤ አንዱን ትወስዳለህ፤ ሌላው «አስክዳ ኤክሜክ»፣ የተንጠለጠለ ዳቦ፣ ይባልና ለሚመጣው ይቀመጣል። የቸገረው ሰው ገብቶ «የተንጠለጠለ አለ?» ይላል። ሰጪና ተቀባይ አይተያዩም፤ ባለሱቁም የሸጠው ዳቦ ስለሆነ አይከስርም። የሚያስለምድ ሰው የለም፤ ደጃፍ ላይም የሚሰለፍ አይኖርም።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ኢስታንቡል ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ከሞጣ ወርደን ቢቸና ስንደርስ አንዲት እናት ሱቃቸው ውስጥ የወተት ዱቄት ጣሳ ባንኮኒው ሥር አስቀምጠው አገኘን። የሚገዛ ሰው መልስ ሲተርፈው «ጣሳው ላይ ጣይልኝ» ይላል፤ አንዳንዱም 50 ብር ትቶ ይሄዳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። ሲያመሹ ደጃፋቸው ላይ የሚመጡት ይታወቃሉ፤ በስማቸው ይጠሯቸዋል። ለምን እንደጀመሩት ብንጠይቃቸው «ሳንቲም ስሰጥ ሁልጊዜ እጄ ከላይ ነበር፤ ደከመኝ» ብለው ሳቁ።

እኛ ጣሳው የሚያልቀው በዳቦ መስሎን ነበር። ልጃቸው በደብተር ትጽፈዋለች፤ ገልጠን አየን። ከዳቦው ይልቅ ሳሙናና ምላጭ ይበዛል። «ቅዳሜ ማታ ነው የሚወስዱት» አሉን እናት፤ «ታጥቦ ያልተላጨን ሰው ሰኞ ለቀን ሥራ ማን ይጠራዋል?»

የቢቸና ልጆች በሚቀጥለው እረፍት አንድ ካርቶን ሳሙና ይዘን ለመሄድ ተነጋግረናል። ከሞጣ ልጆች ሁለቱ ደግሞ ዳቦ ቤቱ ተመልሰው ባለቤቱን ሊያናግሩት ነው፤ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀው፣ ከዚያ ስለተንጠለጠለው ዳቦ።