በሌላ ሳተላይት መንገድ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል ስትመጥቅ፣ ሮኬቱ የተነሣው ለእርሷ ብሎ አልነበረም። የሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬቱ ዋና ጭነት ቻይናና ብራዚል በጋራ የሠሩት፣ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን ሳተላይት ነበር። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 የተሳፈረችው በተረፈው ቦታ ነው።

ከኮምቦልቻ እህል ጭኖ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ አይሱዙ ላይ ሁለት ኩንታል ቢደረብ ነዳጁ ብዙም አይጨምርም። ሾፌሩ ግን ለተደራቢው ሲል መንገድ አይቀይርም። በሮኬትም እንዲሁ ነው፤ የበረራውን ቀን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን የሚወስነው ዋናው ጭነት ነው። እሱ ከዘገየ ሁሉም ይጠብቃል። ትንሿ ሳተላይት በበኩሏ ንዝረቱን ችላ ዋናውን እንደማትጎዳ በፍተሻ ማረጋገጥ አለባት። ከወጣች በኋላም ብዙ ነዳጅ ስለማትይዝ ምሕዋሯን እንዳሻት መለወጥ አትችልም። በዓመቱ የተከተለችው፣ 9 ኪሎ እንኳ የማትሞላው ሁለተኛዋ ሳተላይታችን የተሳፈረችው በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ ነበር። በአዲስ ሮኬት የሚሳፈር ደግሞ የሮኬቱን አደጋም ይጋራል።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት መንገዱ ነው። ለኢቲአርኤስኤስ-1 መንገዱ የተስማማት ዋናው ሳተላይትም ምድርን የሚቃኝ ስለነበር ነው። 630 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የሁለቱ ምሕዋር ሳተላይቷን በአንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ በተቀራራቢ የፀሐይ ሰዓት ያሳልፋታል፤ የዘንድሮን ምስል ከአምናው ማነጻጸር የሚቻለውም በዚህ ነው። ለስርጭት አገልግሎት ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከሚወጣ ሳተላይት ጋር በነጻ ብትሳፈር እንኳ ለዚህ ሥራ ባልዋለች ነበር።

እንዲህ ያለች ሳተላይት ለደቡብ ወሎስ ምን ታያለች? የኢቲአርኤስኤስ-1 ምስል አንድ ነጥብ ጎኑ 13.75 ሜትር ነው። በኮምቦልቻ ሜዳ ግማሽ ሄክታር ማሳ 26 ያህል ነጥብ ይደርሰዋል፤ የሰብሉን ልምላሜ ለመከታተል ይህ ይበቃል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ መሬት ሲሰነጠቅ ግን አታይም። ከዚህም የሚከፋው፣ ካሜራዋ በፀሐይ ብርሃን ስለሚሠራ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የደሴ ተዳፋት ለመንሸራተት በሚቀርብበት ወቅት፣ ደመናው ይጋርዳታል። ደመና የሚያልፈው ራዳር ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፣ በትንሽ ሳተላይት ላይ ለመግጠምም ይከብዳል። የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል-1 የራዳር መረጃ ግን ለማንም በነጻ ክፍት ነው። እንደኔ እምነት፣ ለደሴ ተዳፋት ከሌላ ሳተላይት በፊት የሚያስፈልገው ይህን መረጃ ክረምት ከበጋ የሚያነብ የባለሙያ ቡድን ነው፤ ለቡድኑ መነሻ ሊሆን የሚችለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ካምፓስ አለው።